አሴቶን ከአልኮል ይከብዳል፤ ታዲያ ለምን ቀድሞ ይተናል?

ጠያቂ (አዳማ)
ሰላም ቤተሰብ። ከእህቴ ጋር አዳማ ላይ ጥፍርና ፀጉር እንሠራለን። የከተማችንን ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ ከሰዓት ነፋሱ ሲጨመርበት ምንም ነገር እርጥብ ሆኖ አይቆይም። የጥፍር ቀለም ለማስለቀቅ ጥጥ ላይ ያፈሰስኩት አሴቶን ጥፍሩ ጋ ሳይደርስ ይደርቃል። አልኮሉ ትንሽ ይታገሳል። ግሊሰሪን ጠረጴዛው ላይ ጠብ ካለ ግን ማታ ስንዘጋም እዚያው ነው። ለፈተና ኬሚስትሪ እያነበብኩ ነው፤ የሞለኪውል ክብደታቸው አሴቶን 58፣ ኢታኖል (አልኮሉ) 46፣ ውሃ 18 ይላል። ቀላሉ ቀድሞ መትነን አልነበረበትም? በናታችሁ የገባው ያስረዳኝ።

የኬሚስትሪ መምህር
እህቴ፣ ክብደቱን ለጊዜው ተዪውና ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ እንዴት እንደሚያያዙ እዪ። ኢታኖል ውስጥ አንዱ ሃይድሮጅን በቀጥታ ኦክስጅን ላይ ነው ያለው። ያ ሃይድሮጅን የጎረቤት ሞለኪውልን ኦክስጅን ይስባል፤ ሃይድሮጅን ቦንድ የምንለው ይሄ ነው። አሴቶንም ኦክስጅን አለው፤ ሃይድሮጅኖቹ ግን ሁሉም ካርቦን ላይ ናቸው። ስለዚህ እርስ በርስ እንዲህ አጥብቀው አይያዙም፤ ወደ አየር መውጣት ይቀላቸዋል። የእንፋሎት ግፊቱ (ከፍ ያለ ከሆነ ቶሎ ይተናል ማለት ነው) ከፍ የሚለው ለዚህ ነው፦ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አሴቶን 185፣ ኢታኖል 44፣ ውሃ 17.5 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ። አንድ የውሃ ሞለኪውል እስከ አራት ጎረቤት ይይዛል። ግሊሰሪን ደግሞ ሦስት ኦ-ኤች (ሃይድሮጅን የያዘ ኦክስጅን) አለው፤ እንኳን ሊተን፣ ከአየር እርጥበት ይስባል።

ተማሪዎቼን ሁሌ የማሳያቸው ዳይሜቲል ኢተርን ነው። 2 ካርቦን፣ 6 ሃይድሮጅን፣ 1 ኦክስጅን፤ ከኢታኖል ጋር ቁርጥ አንድ። ልዩነቱ ኦክስጅኑ በሁለቱ ካርቦኖች መሃል መግባቱ ነው። በዚህ ብቻ ኢታኖል በ78 ዲግሪ ሲፈላ፣ እሱ ከዜሮ በታች በ24 ይፈላል! ይሄ እስካሁን ይደንቀኛል።

ፋርማሲ የሚሠሩ እናት
ልጄ፣ ቡና የምታፈሉበትን ከሰል ከአሴቶኑ አርቁት። ትነቱ ከአየር እጥፍ ይከብዳል፤ ወለል ለወለል ሄዶ እሳት ያገኛል። ክዳኑን ቶሎ ግጠሙ፣ በሩንም ክፈቱ።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ እማማ፣ ከሰሉን ውጭ አወጣነው። መምህር፣ አንድ ነገር ቀረኝ። አሴቶን የሌለው ማስለቀቂያ ላይ ኤቲል አሲቴት ይላል። እሱም ኦ-ኤች የለውም፤ ግን ከአሴቶን ይዘገያል።

የኬሚስትሪ መምህር
ጎበዝ! ክብደት እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። ሁለቱም በሃይድሮጅን ቦንድ ስለማይያያዙ፣ ትልቁና ብዙ ኤሌክትሮን ያለው ይበልጥ ይሳሳባል። ኤቲል አሲቴት 88 ነው፤ ግፊቱ 73 ገደማ። ከአሴቶን ያንሳል፤ ኢታኖልን ግን ገና ይቀድመዋል።