ከዚራ ያለው ሱቅ፦ ጠበቃ ልያዝ ወይስ ሽማግሌ ልላክ?

የከዚራ ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ድሬ፣ ከዚራ ላይ በስሜ የተከራየሁት ሱቅ አለ። የምትሠራበት ታናሽ እህቴ ናት። የ2 ዓመቱ ውል ካለቀ 7 ወር አለፈው። አከራዩ በየወሩ ኪራዩን እየተቀበለ ዝም ብሎ ቆየ። አሁን ተነስቶ "እጥፍ ክፈሉ፣ ካልሆነ በ15 ቀን ልቀቁ" አለ። ሴራሚኩንም መደርደሪያውንም እዚህ ሚኒያፖሊስ ሌሊት እየሠራሁ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ጠበቃ ልያዝ? ያዋጣል? የሴራሚኩ ገንዘብስ?

ቶሮንቶ ነኝ፦
ያለ ጠበቃ አንድ ቃል እንዳትተነፍስ! እዚህ አገር አከራይ ደብዳቤ ሳይጽፍ ዝንፍ አይልም።

ሳቢያን፦
ቶሮንቶና ድሬ ለየቅል ናቸው ወንድሜ። በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ 1320 ለመኖሪያ ቤት ብቻ ነው፤ ሱቅን አይነካም። ያንተ ነገር የሚታየው በ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ውሉ አልቆ፣ አከራዩ እያወቀ ሳይቃወም ከቆያችሁ ላልተወሰነ ጊዜ እንደታደሰ ይቆጠራል። ጨርሶ አያስወጣችሁም አላልኩም። ግን ቀድሞ ማስታወቅ አለበት። ኪራይ የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ሁሉ እህትህ ትሰብስብ። ውሉ በስምህ ስለሆነ ውክልና ላክላት፤ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይረጋገጥ። መክሰስ፣ መከሰስ፣ ጠበቃ መወከል የሚሉት ቃላት እንዳይቀሩ። ጠበቃውን ደግሞ መጀመሪያ ውሉን አሳይታ ምክር ብቻ ትጠይቀው። ምክርና ሙሉ ክርክር ዋጋቸው አንድ አይደለም።

እትዬ፦
ከዚራ ስትሉ የዛፉ ጥላ ትዝ አለኝ። ፀሐዩ በረድ ሲል እዚያ ሥር ቁጭ ብለን ስንጫወት… እዚህ በረዶ እየጠረግሁ ነው የማነበው። ልጄ፣ ፍርድ ቤት ከመሄድህ በፊት ሽማግሌ ላክ። ነገ ለቅሶ ላይ ትገናኛላችሁ።

ሀዋላ፦
ሽማግሌውስ ይሁን። ኪራዩን ያስወደደው ግን ማነው? እኛው! ሳንከራከር ዶላር እየመነዘርን።

ቶሮንቶ ነኝ፦
ለራስህ ተናገር። እኔ የምልከው የእናቴን መድኃኒት ነው።

የከዚራ ልጅ፦
ውክልናውን ሰኞ እጀምራለሁ። ሽማግሌም ልካለሁ። አቦ፣ ስለ ሴራሚኩስ የሚያውቅ የለም?

ሀዋላ፦
ቶሮንቶ፣ ባለፈው ድሬ ላይ መሬት የሚሸጥ አለ ወይ ስትል የነበርከው አንተ አይደለህም?