ጥቆማ፦ ለረጅም የዕረፍት በረራ ምን ይለበስ? ጨርቅ፣ ካልሲ፣ ጫማና ጃኬት

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ለዕረፍት ረጅም በረራ አለን፤ ከብርድ አገር ተነስተን ሙቀት አገር፣ የባሕር ዳርቻ ነው የምናርፈው። ባል፣ ሚስትና የ3 ዓመት ልጅ ነን። ቲሸርት የጥጥ ይሻላል ወይስ ሜሪኖ የሚሉት? ኮምፕረሽን ካልሲ እውነት ይጠቅማል ወይስ የሻጮች ወሬ ነው? ለጫማስ ስኒከር፣ ክሮክስ ወይስ ክፍት ጫማ? ስለ ጂንስና ታይትም ሐሳብ ካላችሁ ጨምሩልን። የምታውቁ ጠቁሙን፣ እግዜር ይስጥልን።

መልስ 1፦ ስለ ጨርቅና ሱሪ

ሰላም። ከጨርቁ በፊት ካቢኑ (መንገደኛ የሚቀመጥበት የአውሮፕላኑ ክፍል) ውስጥ ሰውነት ምን እንደሚገጥመው ማወቅ ይበጃል፤ ምርጫው ሁሉ ከዚያ ነው የሚነሳው። አውሮፕላኑ ከፍታው ላይ ሲደርስ የካቢኑ ግፊት ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው አየር ጋር ይስተካከላል። ከባሕር ጠለል አካባቢ ለተነሳ ሰው ሆድ ውስጥ ያለው ጋዝ ከሩብ እስከ ሲሶ ያህል ይሰፋል። የአየሩ እርጥበት ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ነው። ሙቀቱ መሃል ላይ ደህና ቢሆንም በመስኮቱ በኩል፣ ወለሉ ላይና የድንገተኛ በሮች አጠገብ ይቀዘቅዛል። በዚያ ላይ እግር ለሰዓታት ወደ ታች ተንጠልጥሎ ስለሚቆይ ያብጣል። ስለዚህ አንድን ልብስ ስትመርጡ ወገብ ላይ ይላላል ወይ፣ እግር ያላውሳል ወይ፣ ከወንበር ሳይነሱ ማውለቅ ይቻላል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የብራንዱ ስም ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ቲሸርት ላይ ሜሪኖ ያሸንፋል። የሜሪኖ ሱፍ (ሜሪኖ ከተባለው በግ የሚገኝ ስስ ሱፍ) ብዙ እርጥበት ውስጡ ይዞ እንኳ ገላ ላይ እርጥብ አይሰማም፤ ሽታም ቶሎ አይዝም። ለበረራ የሚሆነው በካሬ ሜትር ከ150 እስከ 170 ግራም የሚመዝነው ስስ ዓይነት ነው። አይስብሬከር በተባለው ብራንድ የሜሪኖ ልብሶች ላይ 150፣ 200፣ 260 ተብሎ የሚታየው ቁጥር ይኸው የጨርቁ ክብደት ነው፤ 200 ከጃኬት በታች ለብርድ ይሆናል፣ 260 ግን ካቢን ውስጥ ያፍናል። ድክመቱ ስስነቱ ነው፦ የሱሪ ቁልፍና የቀበቶ ዘለበት ሲፈገፍጉት እምብርት አካባቢ ትናንሽ ቀዳዳ ያወጣል። ሲታጠብ 30 ዲግሪ፣ ያለ ማለስለሻ፣ ተዘርግቶ ይድረቅ።

ጥጥ ቆዳ ላይ ደስ ይላል፣ የትም ይገኛል። ችግሩ አንዴ ላብ ከጠጣ ለመድረቅ ሰዓታት ይፈልጋል። ሻንጣ እየጎተቱ ወደ በሩ ሲሮጥ የረጠበ ቲሸርት ከፍታ ላይ ጀርባን ያቀዘቅዛል። ጥጥ ከመረጣችሁ አንድ መቀየሪያ በእጅ ሻንጣ ያዙ፤ በቃ፣ ችግሩ ተፈታ።

ፖሊስተር ቶሎ ይደርቃል፣ አይጨማደድም፣ ነገር ግን የላብ ሽታ አጥብቆ ይይዛል። የዩኒክሎ የወንዶቹ ኤርዝም ቲሸርት በአብዛኛው ፖሊስተር ነው፤ ካረፋችሁ በኋላ ለሙቀቱ ጥሩ ነው፣ ለሌሊት በረራ ግን ሁለተኛ ምርጫ ይሁን። የዚሁ ብራንድ ሂትቴክ ደግሞ የሰውነትን እርጥበት መጥጦ እንዲያሞቅ የተሠራ ስለሆነ፣ ሙቀት አገር ለሚያርፍ ሰው አልመክረውም።

ጂንስ የሚከብደው ውፍረቱ ብቻ አይደለም። ቋንጃ ላይ ጨርቁ ሲታጠፍ ወፍራሙ የጎን ስፌት ሥጋ ውስጥ ይገባል፣ ወገቡም አይለጠጥም። የግድ ከሆነ ከ2 እስከ 3 በመቶ ኤላስታን (የሚለጠጥ ክር) ያለበት፣ ሰፋ ያለ ጂንስ ምረጡ። ከዚያ የሚሻለው ወገቡ ላስቲክ ወይም ገመድ ያለው፣ እግሩ ሰፊ የሹራብ ጨርቅ ሱሪ ነው። ሊነን ለሙቀት አገር ተወዳዳሪ የለውም፣ ግን ከወንበር ሲነሱ ጭምድድ ብሎ ነው የሚገኘው፤ ከጥጥ ወይም ከቪስኮስ የተቀላቀለው ይቀንሳል። ታይት ምቹ ነው፣ ነገር ግን ወገቡና ጉልበቱ ላይ አጥብቆ የሚይዝ የስፖርት ታይት ለ8 ሰዓት መቀመጥ አይሆንም። ቁጥሩን አንድ ከፍ አድርጉ።

መልስ 2፦ ኮምፕረሽን ካልሲ

ይጠቅማል፣ ነገር ግን በትክክል ከተለካና ከተለበሰ ብቻ ነው። ሲቀመጡ የባት ጡንቻ ደምን ወደ ላይ መግፋቱን ያቆማል፤ ደሙ እግር ላይ ይከማቻል፣ ፈሳሽ ወደ ቁርጭምጭሚት ይወርዳል። ካልሲው ቁርጭምጭሚት ላይ ይበልጥ አጥብቆ ወደ ጉልበት ሲወጣ እየላላ ስለሚሄድ ደሙን ወደ ላይ ያግዛል። እብጠትን ይቀንሳል፣ ደም የመርጋት አደጋንም ያወርዳል። ጥቅሙ የሚታየው ከ4 ሰዓት በላይ በሆነ በረራ ነው፤ ለአጭሩ ተራ ካልሲ ይበቃል።

ማሸጊያው ላይ ቁጥር ፈልጉ፣ በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ (mmHg፣ የግፊት መለኪያ) የተጻፈ። ከ8 እስከ 15 ለድካም ያህል ነው። ለጤነኛ መንገደኛ የሚመከረው ከ15 እስከ 20 ወይም ለሱ የሚቀርበው 14–17 ነው። ከ20 እስከ 30 ያለው በሐኪም ምክር ይሁን። ሲግቫሪስና ጆብስት የሕክምና ካልሲ የሚሠሩ ስለሆኑ ቁጥሩን በግልጽ ያስቀምጣሉ። «ለበረራ» ተብሎ ብቻ ተጽፎ ቁጥር የሌለውን ተዉት፤ ምን ያህል እንደሚያጠብቅ ማንም አይነግራችሁም።

ልኬቱ በጫማ ቁጥር ብቻ ከሆነ ይሳሳታል። ጠዋት፣ እግር ሳያብጥ፣ ሦስት ቦታ በሜትር ለኩ፦ ከቁርጭምጭሚት አጥንት በላይ ያለውን ቀጭኑን ዙሪያ፣ የባትን ወፍራሙን ዙሪያ፣ ከወለል እስከ ጉልበት እጥፋት ያለውን ቁመት። ሁለቱ ዙሪያዎች ሁለት የተለያየ ቁጥር ላይ ከወደቁ የሌላ ብራንድ ሠንጠረዥ ተመልከቱ፤ አንዱን ልኬት ችላ ብሎ መግዛት አያዋጣም።

አለባበሱ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚቸገረው። እጅ ወደ ውስጥ አስገብቶ ተረከዙን ይዞ ካልሲውን እስከ ተረከዝ ድረስ መገልበጥ፤ የእግርን ፊት ማስገባት፤ የካልሲውን ተረከዝ ልክ በተረከዝ ላይ ማሳረፍ፤ ከዚያ የተገለበጠውን በመዳፍ ጥቂት በጥቂት ወደ ላይ ማንሸራተት። በጥፍር አይጎተት፣ ይቀደዳል። አፉ ከጉልበት እጥፋት ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ይቁም። ረዘመ ብሎ አፉን ማጠፍ ትልቁ ስህተት ነው፤ የታጠፈው ቦታ በእጥፍ አጥብቆ ደሙን ይዘጋል፣ ከታችም የባሰ ያብጣል። ከመነሳታችሁ በፊት ቤት ውስጥ ልበሱት። ጣት ከደነዘዘ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ከጠቆረ ወዲያው አውልቁ።

የእግር የደም ቧንቧ ጠባብነት ያለበት፣ በስኳር በሽታ የእግር ስሜቱ የቀነሰ ወይም እግሩ ላይ ቁስል ያለው ሰው ሐኪም ሳይጠይቅ አይልበስ። ቀድሞ ደም የረጋበት፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረገ፣ ነፍሰ ጡር ወይም በቅርቡ የወለደች፣ ኢስትሮጅን ያለው የወሊድ መከላከያ የምትወስድ ደግሞ ከበረራው በፊት ሐኪም ያማክሩ፤ ለነሱ ካልሲ ብቻውን ላይበቃ ይችላል። ለሁሉም ሰው፦ ካልሲው መንቀሳቀስን አይተካም። ተረከዝን መሬት ላይ አድርጎ ጣቶችን ማንሳት፣ ከዚያ ጣቶችን አድርጎ ተረከዝን ማንሳት፤ ይህን ደጋግሙ፣ በየመሃሉም ተነስታችሁ ተራመዱ።

መልስ 3፦ ጫማ

ከላይ ስለ ጨርቅ የተባለውን እቀበላለሁ፣ ግን ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ሜሪኖውን ትታችሁ ደህና ጫማ ግዙ።

ክር ያለው ስኒከር ከሁሉ ይሻላል፣ ምክንያቱም እግር ሲያብጥ ክሩ ይላላል። ስትገዙ ማታ ለኩት፣ የምትለብሱትን ካልሲ አድርጋችሁ፤ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ይትረፍ። እንደ ስኬቸርስ ስሊፕ ኢንስ ያሉት ሳይጎነበሱ የሚገቡ ጫማዎች ፍተሻ ላይ ያቀላጥፋሉ፣ ለነፍሰ ጡርና ወገቡን ለሚያመው ትልቅ እረፍት ናቸው፤ ነገር ግን የሚላላ ክር ከሌላቸው ግማሽ ቁጥር ከፍ አድርጉ።

ክሮክስ ቀላል ነው፣ ለእብጠት ቦታ አለው፣ የባሕር ዳርቻም ላይ ያገለግላል። ለዚህ ሁሉ እወደዋለሁ። ለበረራ የማልመክረው በድንገተኛ መውጫ ምክንያት ነው። አውሮፕላን ለመንገደኛ የሚፈቀደው ከበሮቹ ግማሾቹ ተዘግተው ሰዉ ሁሉ በ90 ሰከንድ መውጣቱ ሲረጋገጥ ነው፤ በዚያ ሩጫ ላላ ያለ ጫማ እግር ላይ አይቆይም፣ ከታች ደግሞ ስብርባሪ ወይም ነዳጅ ሊኖር ይችላል። ክፍት ጫማና ነጠላ ጫማ ከሱም ይብሳሉ። ሹል ተረከዝ ያለው ደግሞ የድንገተኛ መውጫውን መንሸራተቻ ሊቀድ ስለሚችል አስተናጋጆች አውልቁ ይላሉ፤ ከዚያ በባዶ እግር ነው የሚወጣው።

በዚሁ ላይ፦ ናይለንና ፖሊስተር እሳት ሲነካቸው ቀልጠው ቆዳ ላይ ይጣበቃሉ። ሱፍ በቀላሉ አይቀጣጠልም። ጥጥ ይነዳል ግን አይቀልጥም። ለዚህ ነው ከናይለን ስቶኪንግ ይልቅ ረጅም የጥጥ ሱሪ የሚመከረው።

ሲነሳና ሲያርፍ ጫማችሁ እግራችሁ ላይ፣ ክሩም ታስሮ ይሁን። መሃል ላይ አውልቁ፣ ነገር ግን መጸዳጃ ቤት በካልሲ አትግቡ፤ ወለሉ ላይ ያለው ሁሌ ውሃ ብቻ አይደለም። ቦት ጫማ ሻንጣ ለማቅለል ብላችሁ ከለበሳችሁ ሶሉ ውስጥ ብረት ካለው ፍተሻ ላይ ይጮኻል፣ ካበጠ እግር ላይም መልሶ ማጥለቅ ትግል ነው።

ጥያቄ (ተጨማሪ)

እግዜር ያክብርልን፣ ብዙ ተማርን። ጃኬትስ? ስንነሳ ብርድ፣ ስናርፍ ሙቀት ነው። ልጁንስ ምን እናልብሰው?

መልስ 4፦ ጃኬትና ፍተሻ

ፊቱ በዚፕ የሚከፈት ነገር ያዙ። በራስ የሚጠለቅ ሹራብ ጠባብ ወንበር ላይ ለማውለቅ ጎረቤትን በክርን መምታት ይጠይቃል። ስስ የላባ ጃኬት ተጠቅልሎ ትራስ ይሆናል፣ ሙቀት አገር ስትደርሱም ቦርሳ ውስጥ ጠፍቶ ይቀመጣል። ፍሊስ (ለስላሳ የፖሊስተር ሹራብ) ለመታጠብ ይቀላል ግን ቦታ ይበላል። ሆዲ ለእንቅልፍ ጥሩ ነው፤ ኮፍያው ግን ከአንገት ትራስ ጋር ይጋጫል። ከሁሉ በላይ የማምንበት ትልቅ ስስ የሱፍ ሻርፕ ነው፤ ብርድ ልብስም፣ የወገብ መደገፊያም፣ የዓይን መሸፈኛም ይሆናል። በባትሪ የሚሞቅ ጃኬት ካላችሁ ባትሪው ከ100 ዋት ሰዓት አይብለጥ፤ ትርፉ ባትሪ የሚጓዘውም በእጅ ሻንጣ እንጂ ከሥር በሚጫነው አይደለም።

ፍተሻ ላይ የሚያዘገየው ኪስ ነው። የሰውነት ስካነር ብረት ብቻ አይደለም የሚያየው፤ የተጣጠፈ ሶፍት፣ ወፍራም እጥፋት፣ ጭን ላይ ያለ ኪስ፣ የሚያብረቀርቅ ጌጥ የተሰፋበት ልብስ ምልክት ያሳያሉ፣ ከዚያ በእጅ መፈተሽ ይከተላል። ሰልፉ ላይ ሳላችሁ ስልኩን፣ ሳንቲሙን፣ ሰዓቱንና ቀበቶውን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከትታችሁ ዚፑን ዝጉ፤ ጃኬቱ እንዳለ ትሪው ላይ ይሄዳል፣ ምንም አይረሳም።

ወንበር ላይም ስልክ ዚፕ ባለው ኪስ ይቀመጥ። ከሱሪ ኪስ ወጥቶ የወንበሩ ስንጥቅ ውስጥ ከገባ ወንበሩን አታንቀሳቅሱት፤ የወንበሩ ብረት የስልኩን ባትሪ ከጨፈለቀው እሳት ሊነሳ ይችላል። አስተናጋጅ ጥሩ።

ሙቀት አገር ለማረፍ ቀላሉ ዘዴ ሰፊ የሊነን ወይም የቪስኮስ ሱሪ ከላይ፣ ስስ ታይት ከሥር ነው። ከማረፍ አንድ ሰዓት ያህል ሲቀር ታይቱን መጸዳጃ ቤት ገብታችሁ አውልቁ፤ ከዚያ በኋላ ሰልፉ ይረዝማል፣ የቀበቶ መብራቱም ይበራል። የወንበሩን ቀበቶ ከጃኬትና ከብርድ ልብስ ሥር ሳይሆን ከላይ፣ ዳሌ አጥንት ላይ ዝቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ከላይ ሲታይ አስተናጋጆች ለማረጋገጥ ከእንቅልፍ አይቀሰቅሷችሁም።

መልስ 5፦ ልጁና ሌሎች ማስጠንቀቂያዎች

ለ3 ዓመት ልጅ ከላይ እስከ ታች አንድ የሆነ ቱታ አይሆንም። «ሽንቴ መጣ» ካለ በኋላ ጊዜ የለም፣ መጸዳጃ ቤቱም ጠባብ ነው፤ ወገቡ ላስቲክ የሆነ ሱሪና ቲሸርት አልብሱት። ጫማው በቬልክሮ የሚዘጋ ይሁን። ወፍራም ጃኬት ለብሶ ቀበቶ አይታሰር፤ ጃኬቱ ሲጨፈለቅ ቀበቶው ይላላል። ደማቅ ቀለም ካለበሳችሁት አየር ማረፊያ ውስጥ በቀላሉ በዓይን ታገኙታላችሁ። ለሱ ሁለት ሙሉ መቀየሪያ፣ እሱን ለሚያቅፈው ትልቅ ሰው ደግሞ አንድ ቲሸርት በሚዘጋ ፕላስቲክ ከረጢት ያዙ። ከረጢቱ የቆሸሸውን መልሶ ይይዛል።

የናንተም የውስጥ ልብስ፣ አንድ ቲሸርት፣ ካልሲና የዋና ልብስ በእጅ ሻንጣ ይሁን። የተጫነው ሻንጣ ቢዘገይ የመጀመሪያው ቀን ባሕር አይቀርባችሁም።

ኮንታክት ሌንስ የምታደርጉ በደረቁ አየር ዓይን ስለሚቆረቁር መነጽር አድርጉ። የጣት ቀለበት ጠበቅ ያለ ከሆነ ከመነሳታችሁ በፊት አውልቁ፤ እጅም ያብጣል።

ወታደራዊ ዝንጉርጉር ልብስ ደግሞ ለልጅም ቢሆን አታሽጉ። ባርቤዶስ፣ ጃማይካ፣ ትሪኒዳድና ቶቤጎን ጨምሮ በተለያዩ አገሮች ሲቪል ሰው እንዳይለብሰው በሕግ ተከልክሏል፤ ቦርሳና ኮፍያም ቢሆን ሊወሰድባችሁ ይችላል።