ጥቆማ፦ አሮጌ መኪና ለብርዱ ወራት ከመቆሟ በፊት ራዲያተሯን የት ላሠራ? ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ?

ፔጆ 404 መኪናዬን ከኅዳር እስከ ጥር መጨረሻ ላቆማት ስለነበር፣ ራዲያተሯን ማን እንደሚሠራልኝና ምን እንደምሞላበት ለመወሰን ደሴንም ኮምቦልቻንም ዞሬ ጠይቄአለሁ። ቮልስ ያላችሁ ሞተሯ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ይህ አይመለከታችሁም።

ደሴ ላይ በብዛት የተሰጠኝ ምክር ውሃውን አፍስሼ ባዶዋን እንዳቆማት ነበር፤ እኔ ግን አልቀበለውም። ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ መጠኑ በ9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ ውርጭ በሚወርድበት በወረኢሉ ወይም በደላንታ ደጋ ለምታድር መኪና ንጹሕ ውሃ መተው ሞተሩን ለስንጥቅ መዳረግ ነው። ባዶ ማቆምም ቢሆን ከሞተሩ ሥር ውሃ ያስቀራል፤ እርጥቡ ብረትም አየር ሲያገኘው ይዝጋል።

ለእጥበትና ለብየዳ ምርጫዬ ኮምቦልቻ ነው። የባቲና የሚሌ መንገድ ከዚያ ስለሚነሣ ከባድ መኪና ይበዛል፤ ስለዚህ ሠራተኞቹ ራዲያተር መፍታት ለምደዋል። ደሴ ላይ በቧንቧ ውሃ ብቻ ታጥቦ "ንጹሕ ነው" የተባለልኝን ራዲያተር፣ ኮምቦልቻ ያለው ባለሙያ የላይ ጋኑን ብየዳውን አቅልጦ አላቅቆ በቀጭን ሽቦ እያንዳንዱን ቱቦ ሲጠርግ፣ በነጭ ሲኒ የተቀበልኩት ውሃ እንደ ሻይ የቀላ ነበር። 25 ኪሎ ሜትር ያህል መውረዱ ያዋጣል።

ስለ ኩላንት (ራዲያተር ውስጥ ስለሚሞላው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ)፦ አንድ ሱቅ ቀለም ያለው ውሃ ሸጦልኝ ስለነበር፣ ኤቲሊን ግላይኮል (ውሃው እንዳይረጋ የሚያደርገው ኬሚካል) መሆኑ ያልተጻፈበትን አትግዙ። በእርሳስ ለተበየደ የመዳብ ራዲያተር በየ2 ዓመቱ የሚቀየረውን የድሮውን አረንጓዴ እመርጣለሁ፤ ለአዳዲስ መኪኖች የሚሸጠውን ቀዩን ለድሮ ብየዳ አላምነውም፣ ሁለቱን መቀላቀልም አይገባም። ካልተበረዘው ኩላንት እኩሌታውን፣ ከባትሪ ውሃ (ከተጣራው ውሃ እንጂ ከአሲዱ አይደለም) እኩሌታውን ብትቀላቅሉ እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች አይረጋም። ለወሎ ውርጭ ብቻ ቢሆን አንድ ሦስተኛው ይበቃ ነበር፤ እኩሌታው ግን ዝገትን ይበልጥ ይከላከላል፣ ንጹሕ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ በሚፈላበት በደሴ ከፍታም መኪናዋ ከቆመችበት ስትነሣ ይጠቅማታል።

ከሞላችሁ በኋላ የማሞቂያውን ቧንቧ ከፍታችሁ፣ የራዲያተሩ የላይ ጎማ እስኪሞቅ ድረስ ሞተሩን አሠሩት፤ ቴርሞስታቱ (ሞተሩ ሲሞቅ ለፈሳሹ መንገድ የሚከፍተው ክዳን) ካልተከፈተ ድብልቁ ራዲያተሩንና ሞተሩን አይዞርም። ያፈሰሳችሁትን አሮጌ ኩላንት በተዘጋ ጀሪካን አኑሩት እንጂ ቦይ ውስጥ አትድፉት፤ ጣፋጭ ስለሆነ ውሻ ይልሰዋል፣ ጥቂቱም ይገድለዋል።