የባለቤቴን ጋቢ ምን ላድርገው?

ጤና ይስጥልኝ። 71 ዓመቴ ነው። ባለቤቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው፤ አርባውንም ሙት ዓመቱንም አውጥቻለሁ። አሁን ልጄ ሜሪላንድ ልትወስደኝ ነው። የሚፈቀድልኝ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ብቻ ነው።

ኮቱንና ጫማውን ለነዳያን ሰጠሁ፤ እሱ አላስቸገረኝም። ጋቢው ግን እኔው ፈትዬ ሽሮ ሜዳ ያሠራሁለት ነው። ሳጥኑን በከፈትኩ ቁጥር ጠረኑ ይመጣብኛል፣ መልሼ አጥፌ እዘጋዋለሁ። ልጄ «ፎቶ አንሺውና ተይው፣ እማዬ» ትላለች። ፎቶ ትከሻ ላይ አይጣል! ደብረ ብርሃን ላለው ታናሽ ወንድሙ ልስጠው ብዬም ነበር፣ ብርድ አለበት። ሲታጠብ ግን ጠረኑ ይሄዳል፤ ሳይታጠብ ደግሞ ለሰው አይሰጥም።

በዚህ ያለፋችሁ እህቶቼ፣ እናንተ ምን አደረጋችሁ? የምሄደው ከፋሲካ በኋላ ነው።