አጋዘኖቹና ጥንብ አንሳዎቹ፦ ለጠቅላላ ስብሰባው የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ

ጸሐፊ፦ የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ በአሜሪካ ሞንጎመሪ ካውንቲ (የአስተዳደር ወረዳ) ባሉት ጓሮዎቻችን ስለሚመላለሱት አጋዘኖችና ጥንብ አንሳዎች ለጠቅላላ ስብሰባው የምናቀርበውን ሐሳብ እዚሁ እንድናዳብር ተወስኗል። የመጀመሪያው ረቂቅ «ሁሉም ከሰፈሩ ይባረሩልን» የሚል ስለሆነ፣ አስተያየታችሁን ከነምክንያቱ እንድትጽፉ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የአትክልት ክፍል ተጠሪ፦ በእኔ እምነት ሁለቱን በአንድ ቃል መጨፍለቅ አይገባንም። አጋዘኑ የዘራነውን ይበላል፤ ጥንብ አንሳው ግን ወደ ጓሯችን የሚወርደው በአብዛኛው የሞተ ነገር ፍለጋ ነው። መኪና የገጨው አንድ አጋዘን ከቤቴ ጀርባ ጫካው ዳር ወድቆ በሞተ ጊዜ፣ ቀድመው የደረሱት ጥንቡን በማሽተት የሚያገኙት ባለ ቀይ ራሶቹ ጥንብ አንሳዎች ነበሩ፤ የማሽተት ችሎታቸው ደካማ የሆነው ባለ ጥቁር ራሶቹ ደግሞ እነርሱን ከሰማይ እየተከታተሉ ወረዱ። ብዙም ሳይቆይ ከአጥንትና ከቆዳ በቀር የተረፈ አልነበረም፤ ሽታውም አብሮ ጠፋ። እንዲህ የሚያጸዱልንን ወፎች ማሳደድ ከልብ ያሳዝነኛል። ከዚህም ሌላ እ.ኤ.አ. በ1918 የወጣው የፌዴራል የተጓዥ አእዋፍ ሕግ ስለሚጠብቃቸው ያለ ፈቃድ መግደል ክልክል ነው።

አንዲት አባል፦ እኅቴ፣ ያሉት ይገባኛል። ነገር ግን ጥቁሮቹ ተሰብስበው ጣሪያ ላይ ሲያድሩ የጣሪያውን ማሸጊያና የመኪናችንን የመስታወት መጥረጊያ ጎማ እየነጩ ያበላሻሉ፤ ልጆቼም ወደ ጓሮ መውጣት ፈርተዋል። ይበልጥ የሚያሰጋኝ ደግሞ የላይም በሽታን የሚያስተላልፈው መዥገር ነው፤ ያደገው መዥገር ደም የሚመጠው በዋናነት ከአጋዘን ስለሆነ፣ አጋዘን በተመላለሰበት ሣር ላይ የተጫወተ ልጅ ማታ ገላው ሊታይ ይገባል።

የአትክልት ክፍል ተጠሪ፦ የመዥገሩ ነገር እውነት ነው፤ በረቂቁ ይግባ። ወፎቹን የሚስባቸው ግን የእኛው ጥራጊ ጭምር ነው። ከበዓል ቅርጫ በኋላ አጥንቱንና የሆድ ዕቃ ትርፍራፊውን በስስ ከረጢት ውጭ ካሳደርን፣ ጠርተናቸው መልሰን መክሰሳችን ነው። ለጎመኑም መላ አለ፤ አጋዘን ጎመንን እስከ ግንዱ ሲግጥ አጠገቡ ያለውን ጤና አዳም እምብዛም አይነካም፤ ሽታው የበረታ ተክል አይወድምና። አጥር ከታጠረ ግን 2 ሜትር ተኩል ገደማ ካልሆነ ይዘለዋል።

ሌላ አባል፦ በአጥር ከፍታ ላይ ደንብ ስላለ፣ ወጪ ከማውጣታችን በፊት ካውንቲውንና የቤት ባለቤቶች ማኅበሩን እንጠይቅ።

ጸሐፊ፦ በተሰጡት አስተያየቶች መሠረት ረቂቁ እንዲህ ተሻሽሏል፦ «አባላት የሥጋ ትርፍራፊን ክዳን ባለው ዕቃ ብቻ እንዲያስቀምጡ፤ መንገድ ላይ የሞተ አጋዘን ሲታይ ወዲያው ለካውንቲው የአገልግሎት ስልክ 311 እንዲያሳውቁ፤ ማኅበሩ በጋራ ለምናለማው መሬት የተፈቀደ አጥር እንዲያጥር፤ ስለ መዥገር ለወላጆች ገለጻ እንዲሰጥ፤ ጥንብ አንሳዎች ጣሪያ ላይ ማደር ካበዙ ጉዳት በማያደርስ መንገድ እንዲባረሩ።» ስለ አጥሩ ወጪ ሐሳብ ያላችሁ እስከ እሑድ ጻፉልን።