የኒውክለስ ቀዳዳዎችና የታዳጊ ነርቭ ህዋስ ዲኤንኤ

ጠያቂ፣ ደሴ፦
በደሴ የ12ኛ ክፍል ሥነ ሕይወት አስተምራለሁ። አንዲት ተማሪዬ «የኒውክለስ ቀዳዳዎች መተላለፊያ በር ብቻ ከሆኑ፣ እነሱ ሲጎዱ ዲኤንኤው ለምን ይጎዳል?» ብላ ጠየቀችኝ፤ በቂ መልስ ሳልይዝ ወደ ክፍል መመለስ ስላልፈለግሁ እንድታብራሩልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መልስ፣ ኮምቦልቻ፦
የተከበሩ መምህር፣ ተማሪዎ ዋናውን ነጥብ አግኝታዋለች። ዲኤንኤን በያዘው የህዋስ ክፍል፣ በኒውክለስ፣ ሽፋን ላይ ያለ እያንዳንዱ ቀዳዳ 30 ገደማ ከሚሆኑ የፕሮቲን ዓይነቶች የተገነባ ሲሆን፣ ትናንሽ ሞለኪውሎች በራሳቸው ሲያልፉበት፣ ከ40 ኪሎዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ገደማ በላይ የሆኑት ግን አጓጓዥ ፕሮቲን ይፈልጋሉ። የተሰበረ ዲኤንኤን የሚጠግኑ ፕሮቲኖች የሚመረቱት ከኒውክለስ ውጭ በመሆኑ፣ ዝውውሩ ሲታወክ ጠጋኙ ደጅ ላይ ይቀራል። በእርሾ ህዋስ ላይ እንደታየው ደግሞ፣ ለመጠገን ያስቸገረ ስብራት ራሱ ወደ ቀዳዳው ተጠግቶ እዚያ ይጠገናል፤ ስለዚህ «በር» የሚለው ቃል ብቻውን ያንሰዋል።

መልስ፣ ወልድያ፦
የነርቩን ነገር ልጨምር። በፅንስ አንጎል ውስጥ ነርቭ የሚያስገኙት ቀዳሚ ህዋሳት በፍጥነት ስለሚከፋፈሉ ዲኤንኤው በሚባዛበት ጊዜ ለስብራት ይጋለጣል፤ አዲሶቹ ነርቮችም ወደ ቦታቸው ሲጓዙ በጠባብ ክፍተት ስለሚሾልኩ ኒውክለሳቸው ይጨመቃል። ኑፕ107 እና ኑፕ133 የተባሉትን የቀዳዳ ፕሮቲኖች በሚሠሩት ጂኖች ላይ የሚደርስ ለውጥ በሕፃናት ላይ የጭንቅላት ማነስንና የኩላሊት ሕመምን አጣምሮ ሊያስከትል ይችላል፤ እኔን እጅግ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። የበሰለ ነርቭ ስለማይከፋፈል የቀዳዳው ምሰሶ የሆኑት ፕሮቲኖች ሳይተኩ ለረጅም ጊዜ ይቆያሉ፤ በአረጁ አይጦች አንጎል ውስጥም ቀዳዳዎቹ ማፍሰስ፣ ማለትም መግባት የሌለበትን ማሳለፍ፣ ጀምረው ታይተዋል።

ጠያቂ፣ ደሴ፦
ከልብ አመሰግናለሁ። የእርሾውን ምሳሌ ነገ በሰሌዳ ላይ ሥዬ አሳያታለሁ።