ሬዚደንቶቼን እንዴት ላለማምዳቸው?

ሰላም ለእናንተ። ወሎ ውስጥ የሕፃናት ሐኪም ነኝ። ዘንድሮ ሬዚደንቶችን (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማሩ ሐኪሞችን) በጨቅላና በሕፃናት ጽኑ ሕክምና አሠልጥን ተብዬ ግራ ገብቶኛል። ትምህርቱን ልቅም አድርገው ያውቁታል። ችግሩ እጃቸው ላይ ነው።

ባለፈው ሌሊት አንድ ልጅ እንደተወለደ አልተነፍስ አለ። ሬዚደንቷ አምቡ ባጉን (በእጅ እየተጨመቀ በማስክ አየር የሚሰጠውን ከረጢት) ያዘች። በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ጊዜ መጭመቅ እንዳለባት ታውቃለች፤ ትቆጥራለችም። ግን ማስኩ አገጩ ላይ አልገጠመም። አየሩ በጎን ያፈተልካል፣ ደረቱ ንቅንቅ አይልም። «አብሽሪ» አልኳትና አንገቱን ትንሽ ቀና አድርጌ ማስኩን አስተካከልኩት። ደረቱ ተነሣ። (ልጁ ደህና ነው፣ ተመስገን።)

ባብል ሲፓፑ (ውሃ ውስጥ በተነከረ ቱቦ የአየር ግፊት እየጠበቀ ትንፋሽ የሚያግዘው መሣሪያ) እንኳ አላስቸገረኝም። ቱቦው ውሃው ውስጥ 5 ሴንቲ ሜትር ከጠለቀ ግፊቱም 5 ሴንቲ ሜትር ውሃ መሆኑን በጠርሙስ አሳየኋቸው፤ ገባቸው።

የመለማመጃ አሻንጉሊታችን ግን አንድ ነው፤ እሱም ደረቱ ተቀዷል። ሰዓትም የለም። ከዱቲ (ከተረኝነት) የወጣ ሰው ያንጎላጃል እንጂ ምን ይማራል?

በሳምንት አንዴ ረጅም ልምምድ ይሻላል ወይስ በየቀኑ ከራውንድ (ታካሚዎችን ዞሮ ከማየት) በፊት 10 ደቂቃ? ያለ ደህና አሻንጉሊት የማስክ አያያዝ ያስተማራችሁስ በምን ተጠቀማችሁ? የሞከራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።